ቀድመው የወጡትን ልጆች ይስሟቸው

«ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የምጽፍልዎ ከደሴ፣ ፒያሳ አካባቢ ነው። ታናሽ እህቴ ቨርጂኒያ ከገባች ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗታል። አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ትሠራለች። ከባሏ ከተለያየች ወዲህ ልጇን የምታሳድገው ብቻዋን ነው። ልጁ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ሌላ ሰው ሆነባት። ከትምህርት ቤት ይቀራል፣ ጋንጃ ያጨሳል፣ ሌሊት ከቤት ጠፍቶ ፖሊስ ይዞት የመጣበት ጊዜ አለ። በቅርቡ ደግሞ ተጣልተው በሩን ሲወረውረው እጇን ያዘው፤ ጣቷ ተሰበረ።

አሁን አንድ አማካሪ ዩታ በሚባል ግዛት አዳሪ ትምህርት ቤት አገኘላት። አስቸጋሪ ልጆችን ያርማል ይባላል። ፎቶውን ላከችልኝ፤ ተራራ፣ ፈረስ፣ የሚስቁ ልጆች። ቀብድ ከፍላለች። ከሁለት ሳምንት በኋላ በሌሊት መጥተው የሚወስዱት ሰዎችም ተቀጥረዋል። ልጁ የሚያውቀው ነገር የለም።

ሴት ልጄ ስለ ትምህርት ቤቱ ስታፈላልግ እዚያ ተምረው የወጡ ሰዎች የጻፉትን አገኘች። እየተረጎመች ስታነብልኝ እንቅልፍ አጣሁ። እህቴ ትምህርት ቤቱን ስትጠይቅ ‹እነዚህ ሥርዓት የጠሉ፣ ሳይጨርሱ የወጡ ናቸው› አሏት። ኮምቦልቻ ያለው ወንድማችን ‹እኛም ተገርፈን ነው ሰው የሆንነው፤ ይሂድ› ይላል። እሷ ደግሞ ‹እቴቴ፣ አንቺ ያልሽኝን አደርጋለሁ። ወይ እዚያ ይግባ፣ ወይ ለዕረፍት ነው ብዬ አንቺ ጋ አምጥቼው እኔ ልመለስ› አለችኝ። ማንን ልመን? ምን ልበላት?»

እህቴ፣ ቀኑ አጭር ስለሆነ መልሴን ከመጀመሪያው ልንገርዎ። ልጁ እዚያ ትምህርት ቤት አይግባ። ደሴም ቢሆን ተታሎ አይምጣ። ከዚያ የወጡትን ሰዎች ደግሞ ይመኗቸው።

እህትዎን ግን አንዳች ክፉ ቃል አይናገሯት። ሌሊቱን የሰው እናት ስታገላብጥ አድራ፣ ጠዋት ቤት ስትገባ የልጇን አልጋ ባዶ የምታገኝ ሴት ናት። ደክሟታል፤ ፈርታለች። እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት የሚያገኛት ደግሞ ልክ በዚህ ሰዓት ነው። «ልጅዎ ሊሞትብዎ ይችላል፣ እኛ እናድነዋለን» የሚላት ሰው ሲመጣ እጁን ብትይዝ አይፈረድባትም።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ልግባ። ትምህርት ቤቱ «ሥርዓት የጠሉ ናቸው» ብሏል። አንድ ሰው ብቻ ቢሆን፣ ወይም አንድ ክፍል አብረው የተማሩ ጓደኛሞች ቢሆኑ፣ ቂም ይሆናል ብለን እናልፈው ነበር። የአሜሪካው ታሪክ ግን እንዲህ አይደለም። በተለያየ ዘመን፣ በተለያየ ግዛት፣ የማይተዋወቁ ሰዎች ናቸው ተመሳሳይ ነገር የሚናገሩት። በሌሊት የማያውቋቸው ሰዎች ከአልጋ ቀስቅሰው ወሰዷቸው። ደብዳቤያቸው ይነበባል። ሳያስፈቅዱ እርስ በርስ ማውራት ክልክል ነው። ባህርይ በነጥብ ይለካል፤ ነጥብ የጎደለው ደረጃው ይወርዳል፤ ደረጃው የወረደ ከቤተሰቡ ጋር በስልክ አይገናኝም። ልጆቹ ክብ ሠርተው ይቀመጡና አንዱን መሃል አድርገው እስኪያለቅስ ድረስ እንዲሰድቡት ይደረጋል። ያላደረገውን ጥፋት «አድርጌያለሁ» ብሎ የተናዘዘም ብዙ ነው።

ይህ ሁሉ ለምን ይመሳሰላል? ልጆቹ ተመካክረው አይደለም። ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች ከአንድ ምንጭ ስለቀዱ ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ሲናነን የሚባል የሱሰኞች ማገገሚያ በ1958 ካሊፎርኒያ ውስጥ ተመሠረተ። ክብ ሠርቶ አንድን ሰው በስድብ ማፍረስን «ጨዋታ» ብሎ የጀመረው እሱ ነው። ያኔ ለአዋቂዎች ነበር። በ1967 ሲዱ የሚባለው ትምህርት ቤት ያንኑ ወደ ልጆች አመጣው። በ1970 ሜይን ግዛት ውስጥ ኤላን ተከፈተ፤ መሥራቹ ከሲናነን በተቀዳ ማገገሚያ ያለፈ ሰው ነበር። የኤላን ተማሪዎች በሌሎች ልጆች የተሠራ ክብ መሃል ገብተው ከተራ በተራ ተጋጣሚ ጋር በቦክስ እንዲደባደቡ ይደረጉ እንደነበር ተናግረዋል። አንዱ ሲደክም ሌላ ትኩስ ልጅ ይገባል፤ የሚቀጣው ልጅ ግን አይቀየርም። ኤላን በ2011 ተዘጋ። ባለቤቷ ስትዘጋው የጠቀሰችው ምክንያት የተማሪ ማነስና የቀድሞ ተማሪዎች በኢንተርኔት ያወጡት ክስ ነው። እሷ ክሱን ሐሰት ነው ብላለች። ሆኖም አርባ ዓመት የቆየ ትምህርት ቤት ለመዝጋቱ የእነዚያ ልጆች አፍ ትልቅ ድርሻ ነበረው።

ከ1990ዎቹ ጀምሮ ደግሞ መነሻው ዩታ የሆነ አንድ ትልቅ ማኅበር የአሜሪካ ልጆችን ከአገር ውጭ ሳይቀር ያስገባ ነበር። ሳሞአ፣ ሜክሲኮ፣ ኮስታሪካ፣ ቼክ፣ ጃማይካ። ጃማይካ የነበረው ስሙ «የጸጥታ ወሽመጥ» እንደ ማለት ነው። እዚያ የነበሩ ልጆች ወለል ላይ በሆዳቸው ተኝተው ለቀናት፣ አንዳንዶቹም ለወራት ይቀጡ እንደነበር ተመስክሯል። የኮስታሪካው በ2003 መንግሥት ገብቶበት ተበተነ፤ የጃማይካው በ2009 ተዘጋ።

ወንድምዎ «የልጆች ወሬ ነው» ካለ ይህንን ይንገሩት። የአሜሪካ ኮንግረስ የምርመራ መሥሪያ ቤት በ2007 እነዚህን ተቋማት መርምሮ ነበር። በሺህ የሚቆጠሩ የበደል አቤቱታዎች አግኝቷል። በ2005 ብቻ 33 ግዛቶች 1,619 ሠራተኞች በልጆች ላይ በደረሰ በደል መሳተፋቸውን ሪፖርት አድርገዋል። የሞቱ አሥር ልጆችን ጉዳይም አንድ በአንድ አየ፤ የጎደለው የሠለጠነ ሰው፣ ምግብ፣ ሕክምና ነበር። «ታምሜያለሁ» ሲሉ እያስመሰሉ ነው ተብለው የሞቱ ነበሩ። ይህ ሁሉ ሩቅ ዘመን አይደለም። በየካቲት 2024 ሰሜን ካሮላይና ውስጥ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ እንዲህ ያለ የጫካ ካምፕ በገባ በመጀመሪያው ሌሊት ትንፋሽ አጥሮት ሞተ። ሐኪሞቹ በሰው እጅ የደረሰ ሞት ብለው መዘገቡት። ካምፑ ፈቃዱን ተነጠቀ።

አሁን አንድ ነገር ቀረብ ብለው እንዲያዩልኝ እፈልጋለሁ። እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳምነኝ ይህ ስለሆነ ነው፤ የስልክ ጥሪው።

ልጁ ገና ከመግባቱ በፊት ለወላጅ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። «ልጅዎ ደውሎ ያለቅሳል። መቱኝ፣ ራበኝ፣ አውጡኝ ይላል። እንዳያምኑት። ሊያታልልዎ ነው፤ ሁሉም እንዲህ ይላሉ።» ከዚያ ስልክ የሚፈቀደው ከስንት ሳምንት በኋላ ነው። ለጥቂት ደቂቃ። ሠራተኛ አጠገቡ ተቀምጦ ይሰማል። ልጁ «እማ፣ እዚህ ቤት...» ብሎ ሲጀምር መስመሩ ይቋረጣል። እናትየዋ ለቅሶውን ሰምታለች። አንጀቷ ተላውሷል። ግን «እንዳሉኝ ሆነ» ትላለች። በሚቀጥለው ጊዜ ልጁ ይማራል። ቀስ ባለ ድምፅ «ደህና ነኝ፣ እየተለወጥኩ ነው፣ ይቅርታ አድርጊልኝ» ይላል። እናትየዋ ዕልል ትላለች። አዩት? ቢያለቅስም ትምህርት ቤቱ ልክ ነው፤ ቢረጋጋም ትምህርት ቤቱ ልክ ነው። ልጁ እውነቱን ለእናቱ የሚያደርስበት አንድም ቃል አልተረፈለትም።

ስለዚህ እውነቱ የሚወጣው ልጆቹ ሲወጡ ነው። ብዙዎቹ የሚናገሩት ከአሥር፣ ከሃያ ዓመት በኋላ፣ ራሳቸው ልጅ ወልደው ነው። ፓሪስ ሂልተንን በስም ያውቋት ይሆናል፤ የሂልተን ሆቴሎችን የመሠረተው ቤተሰብ ልጅ ናት። በ1990ዎቹ መጨረሻ ዩታ ውስጥ ፕሮቮ ካንየን በሚባለው ትምህርት ቤት አሥራ አንድ ወር ቆይታለች። በግድ መድኃኒት እንደዋጠች፣ ስትታጠብ ወንድ ሠራተኞች ያዩዋት እንደነበር፣ ብቻዋን ክፍል ውስጥ እንደተዘጋባት መናገር የጀመረችው በ2020 ነው፤ ከሃያ ዓመት በኋላ። ትምህርት ቤቱ በበኩሉ በ2000 ባለቤቱ ስለተቀየረ ከዚያ በፊት ስለነበረው አስተያየት መስጠት አልችልም ብሏል። ያ ሁሉ ገንዘብና ዝና ያላት ሴት ሃያ ዓመት ዝም ካለች፣ የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ ልጅ ስንት ዓመት ዝም ይላል?

«ሳይጨርሱ የወጡ ናቸው» የሚለውም አያስኬድም። ጨረሰ የሚለውን የሚወስነው ማን ነው? ራሱ ትምህርት ቤቱ ነው። የሚጨርሰው ያሉትን ሁሉ የተቀበለ ልጅ ነው። እንዲያም ሆኖ ከሚወቅሱት መካከል የመጨረሻውን ደረጃ ያገኙ፣ ወረቀታቸውን ይዘው የወጡ ብዙ ናቸው። «ሕይወቴን አዳነኝ» የሚሉ የቀድሞ ተማሪዎችም አሉ፤ ውሸታቸውን ነው አልልም። ግን የእነሱ መዳን የሌላውን ስብራት አያጠፋውም። የእህትዎ ልጅ በየትኛው ወገን እንደሚወድቅ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም።

ወንድምዎ ደግሞ ልቡ ክፉ ሆኖ የተናገረ አይመስለኝም። በእኛ ዘመን ያልተገረፈ የለም። ግን አንድ ነገር ያስታውስ። አባታችን ቀበቶ ሲያነሳ ጎረቤት ይሰማል። እትዬ ከጓሮ ነጠላቸውን እየጎተቱ ይመጣሉ። «በቃ! ስለ አላህ! ስለ ማርያም!» ይሉና መሃል ይገባሉ። ገላጋይ ነበረን። ማታ ደግሞ ያው አባት ነው ጉርሻ የሚያጎርሰን። ያም ቢሆን ጉዳት አልነበረውም አልልም፤ እስከ ዛሬ የሚያመው ሰው ሞልቷል። እዚያ ግን ገላጋይ የለም። አጥሩ ሩቅ ነው፤ የሚመታውም የሚፈርደውም አንድ ቤት ነው።

ልጅን ከቤት ማራቅ ለወሎ ሰው አዲስ አይደለም። ደረሳው ሼኹን ፍለጋ፣ የቆሎ ተማሪውም የኔታን ፍለጋ አገር አቋርጦ ይሄድ ነበር። ነገር ግን በየመንደሩ እየዞረ ስለሚለምን ሰው ያየዋል። ቁስል ካለበት ያየዋል። መምህሩ ካልተስማማው ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ሌላ ይሄዳል። መቼም ቢሆን መንገዱ ክፍት ነበር። ለነገሩ ሕገ መንግሥታችንም በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትም ሆነ በማሳደጊያ አካላቸውን ከሚጎዳና ከጭካኔ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይላል። ይህንን ለወንድምዎ በእርጋታ ይንገሩት።

«ታዲያ ምን ትሁን?» ይሉኛል። ልጁ በእርግጥ ችግር ላይ ነው፤ ዝም ይባል አላልኩም።

በመጀመሪያ ልጁን ሐኪም ይየው። በአንድ ዓመት ውስጥ እንዲህ የተለወጠ ልጅ ከጋንጃው ሥር ሌላ ነገር ሊኖረው ይችላል። ድባቴ ይሆናል። የአባቱ መሄድ ይሆናል። ትምህርት ቤት ውስጥ የሚያስፈራራው ይኖራል። ጋንጃው ራሱ ያመጣበትም ይሆናል። ይህን ሳያውቁ መቅጣት ሕመሙን ሳያውቁ መርፌ መውጋት ነው። ከዚያ ትምህርት ቤቱ ያለውን የምክር ባለሙያ ታናግር። አሜሪካ ውስጥ ባለሙያው ቤት ድረስ እየመጣ ከእናትና ከልጁ ጋር አብሮ የሚሠራበት ሕክምና አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ወር ይወስዳል። ሐኪሙን «ቤተሰብ ላይ የሚሠራ ሕክምና አለ ወይ?» ብላ ትጠይቅ። በ2004 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም የሰበሰባቸው ባለሙያዎች ጥናቶቹን አይተው፣ በማስፈራራትና በወታደራዊ ቅጣት የሚሠሩ ፕሮግራሞች እንደማይጠቅሙ፣ እንዲያውም ሊያብሱ እንደሚችሉ ጽፈዋል። አንዱ ምክንያት ግልጽ ነው፤ የተቸገሩ ልጆች አንድ ላይ ሲታጎሩ የሚማሩት እርስ በርስ ነው። ልጁ ራሱን ሊጎዳ ያስባል ብላ ከሠጋች በማንኛውም ሰዓት በ988 ትደውል።

ትምህርት ቤቱን መተው ከከበዳት፣ ዛሬውኑ ደውላ ጥቂት ጥያቄ ትጠይቃቸው። በፈለግሁት ቀን፣ ማንም ሳይሰማን ልጄን በስልክ ማነጋገር እችላለሁ? ሳልነግራችሁ ብመጣ ታስገቡኛላችሁ? ልጁን ለብቻው ትዘጉበታላችሁ? ታስሩታላችሁ? ከዚህ በፊት ስማችሁ ማን ነበር? (አንዱ ሲዘጋ በሌላ ስም የሚከፈት አለና።) ያ አማካሪስ ከእናንተ የሚያገኘው ጥቅም አለ? የዩታ ግዛት እነ ፓሪስ ሂልተን ከመሰከሩ በኋላ በ2021 ሕግ አውጥቷል። ልጁ በየሳምንቱ ከቤተሰቡ ጋር ሠራተኛ ሳይሰማ እንዲገናኝ ያዛል፤ ተቆጣጣሪዎችም በዓመት አራት ጊዜ እንዲጎበኙ። ስለዚህ «መጀመሪያ ይልመድ፣ ስልኩ በኋላ» የሚል መልስ ከመጣ፣ ዩታ ውስጥ ሆነው ሕጉን እየጣሱ ሊሆን ይችላል። በ2024 መጨረሻ የወጣው የፌዴራል ሕግ ግን ጉዳዩ እንዲጠና የሚያዝ ነው እንጂ እነዚህን ቤቶች አልዘጋም። «አሁንማ ሕግ አለ» ብላ እንዳትዘናጋ።

ወደ ደሴ ይምጣ የሚለውን ደግሞ እንነጋገር። እርስዎ ጋ መምጣቱ በራሱ መጥፎ አይደለም። አያት፣ የአጎት ልጅ፣ ስሙን የሚጠራው ሰው የሞላበት ሰፈር ለእንዲህ ያለ ልጅ ሊጠቅመው ይችላል። ነገር ግን «ለዕረፍት ነው» ተብሎ መጥቶ፣ ፓስፖርቱ ተደብቆ፣ እናቱ በማግስቱ ብትጠፋበት ከዩታው በምን ተለየ? ያ ልጅ ከዚያ በኋላ ማንን ያምናል? የሚመጣ ከሆነ ያውቀው። ይስማማበት። የመመለሻው ቲኬት ይቆረጥ፤ ቀኑን ይያዘው። ፓስፖርቱ እጁ ላይ ወይም ሊያየው በሚችልበት ቦታ ይቀመጥ። ከእናቱ ጋር ሲፈልግ ይደዋወል፤ እርስዎ ከክፍሉ ወጥተው። ለወንድምዎም «ቅጣልኝ» ተብሎ አይሰጥ። ደግሞ እውነቱን እንነጋገር፤ ጋንጃ ሸሽቶ የመጣ ልጅ እዚህ ጫት አያጣም። ጓደኛ ፍለጋ በርጫ ላይ ቢቀመጥ ምን ሊያደርጉ አስበዋል? ቋንቋውስ? ከአማርኛው ግማሹን የማይሰማ ልጅ ቀኑን ሙሉ ምን ይሠራል? ሕክምና ቢያስፈልገው የደሴ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል፤ ነገር ግን ሐኪሙ በሚናገረው ቋንቋ ልጁ ልቡን ካልከፈተ ከባድ ነው። ለእኔ እንደሚመስለኝ ሐኪም ካየው በኋላ፣ ለአንድ ክረምት፣ በፈቃዱ ቢመጣ ጥሩ ነው። ከዚያ በላይ አሁን አይወሰን።

እህትዎ ቀብዱን «ይበላብኛል» ትል ይሆናል። ይበላ። ከተመለሰላት እሰየው፤ ውሉን ሰው ያንብብላት። ካልተመለሰም በሌሊት እንግዳ ሰው ልጇን ከአልጋው ጎትቶ ከሚወስድላት ይሻላል። የመጀመሪያው ሥራ የእነዚያን ሰዎች ቀጠሮ በጽሑፍ መሰረዝ ነው። ዛሬ።

የሌሊት ፈረቃዋን ጨርሳ የምትወጣው በእኛ ከቀኑ ስምንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። መኪና ውስጥ ብቻዋን ሳለች ይደውሉላት። መጀመሪያ «አብሽሪ፣ ብቻሽን አይደለሽም» ይበሏት። ስለ ትምህርት ቤቱ ወዲያው አይጀምሩ፤ ጣቷ እንዴት እንደሆነ ይጠይቋት። ከዚያ ሴት ልጅዎ ያነበበችልዎን ከሁሉም የከበደዎትን አንዱን ምስክርነት ይንገሯት። ሁሉንም አይደለም፤ አንዱን። ቀጥለው «ልጁን አገናኚኝ» ይበሏት። ለእሱ ምክር አይስጡት፤ በሩን ስለወረወረበት ቀንም አይጠይቁት። አክስቱ ከደሴ እንደሆኑ፣ ድምፁን ለመስማት እንደደወሉ ይንገሩት። ዝም ቢልም ስልኩን አይዝጉት፤ እሱ እስኪዘጋው ይቆዩ። በማግስቱም ይደውሉለት። ትምህርት ቤቱ ለጥያቄዎቿ የሚሰጣትን መልስ ደግሞ እንደመጣ ይላኩልኝ፤ አብረን እናነበዋለን።